ለነጃት ማን ይንገራት?

ከእናንተ መካከል መርዶ ነግሮ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ይህን ገጠመኝ ገና ሳልጨርሰው ይገባዋል። መርዶ ተነግሮት የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እኔ የማጫውታችሁ በሁለቱ መካከል ቆሜ የዋልኩበትን አንድ ቀን ነው።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በተማሪዎች የምክር አገልግሎት ክፍል የድኅረ ዶክትሬት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ሥልጠናው መድብለ ባህላዊ የምክር አገልግሎት ይባላል። በቀላሉ፣ ከየአገሩና ከየሃይማኖቱ የመጣን ተማሪ በእኔ ሳይሆን በራሱ ሚዛን ሰምቶ መርዳትን መማር ማለት ነው። እናቴ ግን ይህን ማብራሪያ ተቀብላው አታውቅም። ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ፣ «ልጄ ዶክተር ናት፤ መርፌ ግን አትወጋም» ትላለች። ዶክትሬቴን ከያዝኩ በኋላ እንደገና «ሠልጣኝ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ ማንጠልጠሌማ ጨርሶ አልዋጥላት አለ። «ያላለቀው ትምህርቱ ነው ወይስ አንቺ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ያን ጊዜ ወረቀቴን አጥብቄ የያዝኩ ሰው ነበርኩ። ቢሮዬ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ የሶፍት ካርቶን፣ በሩ ላይ ደግሞ «ውይይት ላይ ነን» የሚል ጽሑፍ ነበር። አንድ ተማሪና አንድ አማካሪ፣ ሦስተኛ ሰው አይገባም። የተነገረኝ ምስጢር ከበሩ አይወጣም፤ እኔም ተማሪዬን ተከትዬ ከበሩ አልወጣም። ሕጉ ይህ ነው፣ ሕጉንም እወደው ነበር። ሰው ሲደክመው የሚደገፈው ግድግዳ ይፈልጋል።

ነጃት የመጨረሻ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነበረች። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪኩን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ግን ራሷ ናት። የቡታጅራ ልጅ ናት። ወደ እኔ ያመጣት እንቅልፍ ማጣት ሲሆን፣ ከዚያ ጀርባ ያለውን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ሳለች፣ እዚሁ አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ሆና ስትማር፣ አገር ቤት ያሳደገቻት አያቷ ሞተች። ቤተሰቡ «ልጅቷ ፈተና ላይ ናት» ብሎ ደበቃት። ነጃት ትደውላለች። «ተኝታለች» ይሏታል፤ «ጎረቤት ሄዳለች» ይሏታል፤ «ጆሮዋ ዛሬ አልሰማ ብሏል» ይሏታል። ፈተናዋን ጨርሳ አገሯ ስትገባ ቀብሩ አልፏል፣ ለቅሶው አብቅቷል፣ ድንኳኑም ተነሥቷል።

«ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ ነበር፣ ዶክተር» አለችኝ። «እኔ ስጀምር አብሮኝ የሚያለቅስ እንኳ አልነበረም።»

ከዚያ ወዲህ ቤት ደውላ የእያንዳንዱን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ በተለይ የአባቷን፣ ልባቸውን ያማቸው ነበርና። አንድ ቀን ልትወጣ ስትል ከበሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እርስዎ ግን አይዋሹኝም አይደል?» አለችኝ።

«አልዋሽሽም» አልኳት፤ ምን የሚያዋሽ ነገር ይመጣል ብዬ።

ያቺ ቀን የሰኔ ረቡዕ ናት። ጠዋት ቢሮዬን ከፍቼ የራሰውን ጃንጥላዬን ጥግ ሳስይዝ፣ የተማሪዎች ጉዳይ ጸሐፊ አንድ ሰው ይዛ መጣች። ረዘም ያሉ፣ ጢማቸውን ሽበት የወረረው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። በእጃቸው ትኩስ ምግብ የሚሸት ፌስታል ይዘዋል።

«ሸምሱ እባላለሁ። ወሎ ሰፈር የቧንቧ ዕቃ መሸጫ አለኝ» አሉ እንደቆሙ። «የነጃት አጎት ነኝ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዘው ክፍል ይኼ ነው አሉኝ።»

ስሟን ስሰማ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ተጠነቀቅኩ። ነጃት ወደ እኔ እንደምትመጣ ቤተሰቧ አያውቅም፤ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። «ይቀመጡ» ብቻ አልኳቸው።

አልተቀመጡም። «ወንድሜ ሌሊት ዐረፈ» አሉ። «የነጃት አባት።»

ጸሐፊዋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

«ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት እንደተሰገደ» ሲሉ ቀጠሉ።

«ታዲያ ሊወስዷት ነው የመጡት?»

«አይ፣ አይ! ነገ ጠዋት መምህራኖቿ ፊት ቆማ የምታቀርበው የመመረቂያ ሥራ አለባት። እሱን ትጨርስ። ወንድሜም ሲደክም ያለው ይህንኑ ነው፤ ‹ነጃትን አደራ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት› ነው ያለው። እናንተ እስከ ነገ ቀትር ያዙልኝ። ስልኳን እንደምንም ብላችሁ ተቀበሏት። ነገ ሽማግሎች ይዤ መጥቼ፣ ቤቴ ወስደን እንነግራታለን።»

ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲያውም ልጅን ከብርድ እንደሚሸፍን ሰው ነበር የሚናገሩት፤ መቆጣት ያቃተኝም ለዚህ ነው። እኔ ራሴ የአባቴን መርዶ የሰማሁት በባህላችን ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሊነጋጋ ሲል ግቢያችን ገቡ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ መጥታ ወገቤን ያዘችኝ። ያ እጅ ባይኖር ወድቄ እጎዳ ነበር። ስለዚህ ሰው ብቻውን መርዶ አይስማ የሚለውን ነገር የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ግን የነጃት አያት ትዝ አለችኝ። ዛሬ ካለፈ ደግሞ ነጃት የአባቷን ፊት ዳግመኛ አታይም። አጎቷ ይህን ሁሉ እንደማውቅ አያውቁም፣ እኔም መናገር አልችልም።

«አንዴ ይጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁ።

ሥልጠናዬን የምትቆጣጠረው ዶክተር አስቴር ቢሮዋ ከእኔ ቀጥሎ ነው። በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ሙያው ምን ይላል?» አለችኝ።

«ዐዋቂ ናት፣ የማወቅ መብት አላት ይላል።»

«ባህሉስ?»

«ብቻዋን አትስማ፣ ዘመድ ይንገራት ይላል።»

«ታዲያ የት ላይ ነው የተጣሉብሽ?»

ዶክተር አስቴር መነጽሯን አውልቃ፣ «እኔ አንቺን ብሆን መጀመሪያ ሰውዬውን አስቀምጣቸው ነበር» አለች። «በመስኮት ሳያቸው ከመጡ ጀምሮ እንደቆሙ ናቸው። ወንድማቸው ነው እኮ የሞተው!»

እውነቷን ነው። ሐዘንተኛውን ሰው እንደ መልእክተኛ ነበር ያነጋገርኳቸው። ስመለስ ያው ፌስታላቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?»

ጥያቄው አልገባቸውም መሰለኝ፣ ፌስታሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ፣ «ስልክ» አሉ። «የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ ሳነሣ ደወለ። የወንድሜ ሚስት ወንድም ነው። ወንድምህ ዐረፈ አለኝ፤ መዝጊያው እጄ ላይ ነበር። ወዲያው ደግሞ አንድ ሰው ቧንቧ ሊገዛ መጣ። ሸጥኩለት። ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ አላህ ይባርክልህ አልኩት። ከዚያ ምግብ ቤት ገብቼ ለነጃት ይህን አስቋጠርኩ።»

«ብቻዎን ነበሩ?»

«ብቻዬን።»

«አላህ ይዘንላቸው። ለእርስዎም ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥዎት» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ተቀመጡ። ተማሪዎቼ የሚቀመጡባት ወንበር ላይ፣ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ፣ አለቀሱ። እጄን ልዘረጋ ብዬ መልሼ ሰበሰብኩት፤ በእሳቸው ዘንድ ባዕድ ሴት አትነካቸውም። ወንበሬን አስጠግቼ የሶፍት ካርቶኑን ወደ እሳቸው ገፋሁላቸው።

«ታላቄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እጄን ይዞ አዲስ አበባ ያመጣኝ እሱ ነው።»

«ጋሽ ሸምሱ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ነገ ስትሰማ ወንድምዎ አፈር ውስጥ ናቸው። ፊታቸውን ማየት የምትችለው ዛሬ ብቻ ነው።»

«አደራውስ?»

«አደራ ያሉት ትምህርቷ እንዳይበላሽ ነው። የነገውን ሥራዋን እኛ እናስተላልፍላታለን፤ እሱን ለእኛ ይተዉት። ቀብሩን ግን ማንም አያስተላልፍላትም።»

ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እሺ፣ ልክ ነዎት እንበል። ማን ይንገራት? የወንድሜን ሞት ለገዛ ልጁ? አፌ አይታዘዝልኝም። እርስዎ ይንገሯት።»

«እኔ ከነገርኳት ቢሮ ነገራት ማለት ነው። እርስዎ ግን—»

በሩ ተንኳኳ። እሺ ሳልል ተከፈተ። ነጃት ናት፤ ሂጃቧ በዝናብ ርሷል፣ ስልኳ እጇ ላይ ነው። ወደ አባቷ ስልክ ደውላ ጎረቤት እንዳነሣው ኋላ ነው የነገረችኝ። አጎቷን ስታይ ደነገጠች።

«አጎቴ? እዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ጠፋሁብሽ ብዬ ነው ልጄ» አሉ እየተነሡ፣ ፊታቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ምሳ ይዤልሽ መጣሁ። ቁጭ በይ፤ መጀመሪያ ብይ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ገና በጠዋቱ የሚመጣ ምሳ ምን እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ ማን አለ? ነጃት ፌስታሉን አየችው።

«ያኔም አብልታችሁኛል» አለች። «ሥጋ ተሠርቶልኝ ነበር። እስክጠግብ ጠብቃችሁ ነው የነገራችሁኝ።»

«አባትሽን ትንሽ አሞት...» ብለው ጀመሩ አጎቷ። ይህን ዐረፍተ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስንት ሰው ተቀብሮበታል።

ነጃት ወደ እኔ ዞረች። «ዶክተር፣ አልዋሽሽም ብለውኝ ነበር።»

ጋሽ ሸምሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። እንደምንተዋወቅ ያን ጊዜ ገባቸው። ምስጢሯን ራሷ ገለጠችው። አዎ ሞተዋል ማለት በሙያዬ ልክ ነው፤ አንድ ቃል ነው፣ ያልቃል። ግን ያቺ ወገቤን የያዘችኝ ሴትዮ እዚያ ክፍል ውስጥ የለችም። ልጅቷ ብትወድቅ የሚይዛት የለም። አጎቷ ራሳቸው መያዣ ያስፈልጋቸዋል።

«ነጃት» አልኳት፣ «አልዋሽሽም። አጎትሽ የሚነግሩሽ ከባድ ነገር አለ። አሁን ይነግሩሻል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማን አጠገብሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ጥያቄው ራሱ እንደነገራት ከዓይኗ አየሁ። ግን አልጮኸችም። ሰው መርጣ መልስ መስጠት ነበረባት።

«ማርታን» አለች።

ማርታ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ተደራራቢ አልጋ የተጋራቻት የዶርም ጓደኛዋ ናት። የነጃትን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩ። ዶርሙ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ቢሆንም፣ ማርታ እስክትደርስ የቆየነውን ያህል ጊዜ ረዝሞብኝ አያውቅም። ነጃት ቆማለች። አጎቷ በመስኮት ዝናቡን ያያሉ። እኔ በልቤ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ያደረግኩት እላለሁ፤ ልጅቷን ስቅላት ላይ አቁሜ ጓደኛ አስጠራለሁ!

ማርታ ግማሹ በተሠራ ሹሩባ፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ገባች። ሽማግሌውን አየች፣ ፌስታሉን አየች። ምንም አልጠየቀችም። ቀጥ ብላ ከነጃት ኋላ ሄዳ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘቻት። ማን አስተማራት? ማንም አላስተማራትም፤ የዚህ አገር ልጅ ናት።

ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። አፌ አይታዘዝልኝም ያሉት ሰው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር፣ «ነጃት ልጄ፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባትሽ ወደ ጌታው ሄዷል» አሉ።

«ተቀበረ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ።

«አልተቀበረም። ትደርሻለሽ።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ስትወድቅ ማርታም አብራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ግን አልለቀቀቻትም። ጩኸቱን የሰሙ የዶርም ልጆች አንድ በአንድ እየገቡ፣ ነጠላ የለበሰችውም ሂጃብ ያደረገችውም ወለሉ ላይ ከበቧት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ቢሮዬ ለቅሶ ቤት ሆነች። በሩ ላይ «ውይይት ላይ ነን» የሚለው ጽሑፍ እንደተሰቀለ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ የመኪናቸውን ቁልፍ ሲያወጡ ከእጃቸው አመለጣቸው። ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ዶክተር አስቴር አየቻቸው፤ ቀጥሎም እኔን አየችኝ። «ዲፓርትመንቱን እኔ አነጋግራለሁ» አለችኝ። «አንቺ ንጂ።»

«እኔ? ከቢሮ መውጣት...»

«ንጂ አልኩሽ!»

እናም በእኔ አሮጌ ቪትዝ መኪና ወደ ቡታጅራ ተነሣን፤ ጋሽ ሸምሱ ከፊት፣ ነጃትና ማርታ ከኋላ። ኢምፔሪያል ሆቴል አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ዝናብ፣ ጥሩምባ፣ ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ። ጋሽ ሸምሱ በስልክ፣ «መንገድ ላይ ነን፤ ከፈኑን ፊቱ ላይ እንዳትቋጥሩት» ይላሉ። ከወዲያ በኩል፣ «ሰላቱ ከደረሰ አናቆየውም» የሚል ድምፅ ይሰማል። መሪውን ይዤ ላብ በላብ ሆንኩ። እንዲያ አድርጌ እውነቱን አስነግሬያት፣ ኢምፔሪያል ላይ ቆማ ቀብሩ ቢያልፍባትስ? መስኮቴን አውርጄ ጎኔ ላለው የሚኒባስ ሹፌር፣ «ወንድሜ፣ ልጅቷ አባቷ ሞቶ ለቀብር እያደረስናት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ኋላ ወንበር አንዴ አየ። ለማንም የማይለቀው ያ ሚኒባስ ፍሬን ያዘ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የፊተኛውን ተቆጣልን፤ የፊተኛው ደግሞ ሌላውን። ቀለበት መንገዱ ላይ ወጣን።

አለም ገናን፣ ጢያን፣ ቡኢን እንዴት እንዳለፍን ብትጠይቁኝ የማስታውሰው የማርታን ድምፅ ብቻ ነው። መንገዱን ሁሉ፣ «ስለ አባትሽ ንገሪኝ» ትላት ነበር። ነጃትም እያለቀሰች ትነግራታለች፤ አባቷ ሱሪያቸውን ሳይተኩሱ ገበያ እንደማይወጡ፣ ሲስቁ ትን እንደሚላቸው። እኔ የተማርኩትን ሁሉ ይዤ መኪናውን ብቻ ነዳሁ።

ስንደርስ ቃሬዛው ግቢ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ሰዎቹ ነጃትን ሲያዩ መንገድ ከፈቱ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ከሴቶቹ ጋር ደጅ ቆምኩ። ነጃት ገባች፣ ቆየች። አዛን ሲሰማ ወጣችና ማርታ ላይ ተደገፈች። «ግንባሩን ሳምኩት» አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ ከቤቱ ሴቶች ሁሉ በላይ አለቀስኩ፤ አንዲት እናት፣ «ዘመድ ናት?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ነጃት ሥራዋን በሌላ ቀን አቅርባ ተመረቀች። እኔ ሥልጠናዬን ስጨርስ፣ ከበሩ አልወጣም የሚለው ሕጌ ከእኔ ጋር አልነበረም። ምስጢር መጠበቁን አልተውኩም፤ ሰው ላይ በር መዝጋቱን ግን ተውኩ። ቢሮዬ ውስጥ አሁን ምንጣፍ አለ፤ ከሁለት ሰው በላይ ሲመጣ እዚያ ላይ እንቀመጣለን። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «አሁን ገና ዶክተር ሆንሽ» አለችኝ። እናንተም፣ የምትወዱትን ሰው ከሐዘን ልትከላከሉ ስትሉ ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን የመሰናበቻውን ሰዓት እንዳትወስዱበት ልለምናችሁ። አደራ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አደራ ሰጪው የሚፈልገው የልጁን ደኅንነት ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ የሆነውን ሳልነግራችሁ ግን አላበቃም። ከቀብር መልስ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ከቤት ተቀምጠናል። ከወንዶቹ አንዱ፣ «ለዘይነባስ?» አለ። ዘይነባ የነጃት ታላቅ እህት ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች።

«ሰው አገር ናት፤ ለጊዜው አትስማ» አለ ሌላው። «ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ ትሰማለች።» ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ሸምሱ ተነሥተው እስከ ቤቱ ደጃፍ መጡ። ለነጃት እናት፣ «ጅዳ ማን አጠገቧ አለ?» አሏቸው።

እናትየዋ አሰብ አድርገው፣ «የጎረቤታችን ልጅ ፎዚያ አለች። መንገድ ተሻግራ ነው የምትሠራው» አሉ።

ነጃት ስልኳን አነሣች። ለፎዚያ ደውላ ነገረቻት፤ አሠሪዋን አስፈቅዳ ወደ ዘይነባ እንድትሄድ፣ በር ላይ ስትደርስ እንድትደውል። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን፤ የመግሪብ ሰላት ተሰገደ፣ ሰዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። ስልኩ ጠራ።

«ግቢና ያዣት» አለች ነጃት። «እኔ ተናግሬ እስክጨርስ እንዳትለቂያት።»

ከዚያ እህቷን በስሟ ጠራቻት።